አክተሩ ቀድሞ የሞተበት ካውቦይ

ይህ ባለፈው ሰሞን ለጥቂት የፊልም ወዳጆች ያደረግሁት ንግግር ነው። ያንግ ገንስ የሚባለውን የካውቦይ ፊልም አብረን ካየን በኋላ ነበር የተናገርኩት። ስጽፈው አንዳንድ ቦታ አስተካክዬዋለሁ፣ አነጋገሬን ግን እንዳለ ትቼዋለሁ። ዓመቶቹም ቀኖቹም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

እንደምን አመሻችሁ። መብራቱ ሲበራ ፊታችሁን አየሁት። ፈገግ ያላችሁ አላችሁ፣ ግንባራችሁን የቋጠራችሁም አላችሁ። ሁለታችሁንም ይገባኛል። ያየነው ፊልም ያስደስታል፣ ደግሞ ጎዶሎ ነው። ዛሬ ማታ ልነግራችሁ የምፈልገው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ደስታውም ጉድለቱም የመጣው ከአንድ ቦታ ነው። የሠሩት ሰዎች የፊልሙን ስድስት ልጆች ከልክ በላይ ወደዋቸዋል።

ያንግ ገንስን መጀመሪያ ያየሁት ልጅ ሆኜ፣ ሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ውስጥ ነው። አግዳሚ ወንበር ላይ ተጣብቀን ተቀምጠን። እንግሊዝኛው የሚገባው ሰው ጥቂት ነበር፣ ግን ማንም ቅር አላለውም። የካውቦይ ፊልም ነው፤ ፈረስ አለ፣ ሽጉጥ አለ፣ አቧራ አለ። አንድ ሕግ ደግሞ ሁላችንም እናውቅ ነበር። አክተሩ አይሞትም። ፊልሙ እንደጀመረ አክተሩን መረጥን፤ ቻርሊ ሺን ነው አልን። አለቃቸው እሱ ነዋ! ቁም ነገረኛ ነው፣ ሌሎቹ ሲያብዱ እሱ ይቆጣጠራቸዋል፣ ከሌላ ፊልምም እናውቀዋለን። ከዚያ ፊልሙ ገና ሳይጋመስ አንድ ሽማግሌ ሽንት ቤት ውስጥ መሽጎ ተኩሶ ገደለው። ቤቱ ጸጥ አለ። ከኋላ አንዱ ልጅ «ይነሳል፣ ቆይ ይነሳል» ሲል ትዝ ይለኛል። አልተነሳም።

ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ከእኔ ጋር አለ። ፊልሙን ደጋግሜ እንዳየው ያደረገኝ እሱ ይመስለኛል።

እስቲ ስለ ፊልሙ ትንሽ ልበል። የወጣው በ1988 ነው። ዳይሬክተሩ ክሪስቶፈር ኬይን፣ ጸሐፊው ጆን ፉስኮ ናቸው። ካሜራውን የያዘው ዲን ሴምለር ነው፤ አውስትራሊያዊ ሲሆን ከዚህ ፊልም በኋላ ዳንስስ ዊዝ ዉልቭስን ቀርጾ ኦስካር ወስዷል። በዚያ ዘመን ሆሊውድ ከካውቦይ ፊልም ፊቱን አዙሮ ነበር፤ የሽማግሌ ነገር ነው፣ ወጣት አያየውም ይባል ነበር። እነዚህ ሰዎች ደግሞ በወቅቱ ወጣቱ የሚያብድላቸውን ተዋንያን ሰብስበው ፈረስ ላይ አስቀመጧቸው። ኤሚሊዮ ኤስቴቬዝ ታዋቂውን የአሜሪካ ሽፍታ ቢሊ ዘ ኪድን ሆነ። ወንድሙ ቻርሊ ሺን ዲክ ብሩወርን። ላ ባምባ ላይ የነገሠው ሉ ዳይመንድ ፊሊፕስ ቻቬዝን። ኪፈር ሰዘርላንድ፣ ብዙዎቻችሁ በትዌንቲ ፎር ላይ ጃክ ባወር ብላችሁ የምታውቁት፣ ግጥም የሚጽፈውን ዶክ ስከርሎክን። ኬሲ ሴማሽኮ ፈሪውንና የዋሁን ቻርሊ ባውድሪን፣ ዴርሞት መልሮኒ ደግሞ ፊቱን የማይታጠበውን ስቲቭን። አሜሪካ ውስጥ ብቻ ወደ 45 ሚሊዮን ዶላር አስገባ። ተቺዎቹ ብዙም አልተደሰቱበትም፣ ሕዝቡ ግን ሄደና አየው። በ1990 ሁለተኛ ክፍል ተሠራለት።

አሁን ወደ ደስታው። ምን ነበር ያስደሰተን?

ለእኔ መጀመሪያ የሚመጣው የእራት ገበታው ነው። እንግሊዛዊው ተንስታል እነዚህን መንገድ ላይ የቀሩ ልጆች ሰብስቦ፣ ሥራ ሰጥቶ፣ ማታ ማታ ገበታ ላይ አስቀምጦ አበላል ያስተምራቸዋል፣ ማንበብ ያስለምዳቸዋል። ልጆቹ ይገፋፋሉ፣ ይሰዳደባሉ፣ ይስቃሉ። እዚያ ትዕይንት ላይ ትወና የሚባል ነገር አይታየኝም። በእድሜ የሚቀራረቡ ልጆች አንድ ቤት ሲያድሩ እንዴት እንደሚሆኑ ነው የማየው። አንዱ ያንጎራጉራል፣ አንዱ ያኮርፋል፣ አንዱ የሌላውን ምግብ ያያል። አዳሪ ትምህርት ቤት የኖረ ሰው ወይም ብዙ ወንድሞች ያሉት ሰው ወዲያው ይገባዋል። ፊልሙ ቀጥሎ የሚያደርገው ነገር ሁሉ በዚያ ገበታ ላይ የቆመ ነው። ተንስታል ተገድሎ ያ ገበታ ሲፈርስ እኛም አብረን እንቆጣለን።

ሁለተኛው የኤስቴቬዝ ሳቅ ነው። ሰው ከገደለ በኋላ የሚስቃት ያቺ ቀጭን የልጅ ሳቅ። ሌላ ተዋናይ ቢሆን ቢሊን ኮስታራ ያደርገው ነበር። ኤስቴቬዝ ግን ጨዋታ ላይ ያለ ልጅ አደረገው። ቡና ቤት ውስጥ ቢሊን እገድላለሁ እያለ የሚፎክረውን ሰውዬ ሽጉጡን ልይልህ ብሎ ተቀብሎ፣ እያደነቀ አይቶ፣ መልሶ ሲሰጠው ታስታውሳላችሁ። እኛ ደግሞ የሆነ ነገር እንዳደረገ እናውቃለን። ትዕይንቱ ከእውነት የተወሰደ ነው። ጆ ግራንት የሚባል ሰው ነበር፤ ቢሊ ሽጉጡን ተቀብሎ፣ ባዶው ቀዳዳ ቃታው ፊት እንዲመጣ አዙሮ መለሰለት ይባላል። የሆነው ግን በ1880 መጀመሪያ ላይ፣ ፎርት ሰምነር ውስጥ፣ ፊልሙ የሚያወራለት የሊንከን ካውንቲ ጦርነት ካለቀ በኋላ ነው። ፊልሙ ጎትቶ ጦርነቱ ውስጥ አስገባው። በዚህስ አልቀየመውም።

ሦስተኛው፣ ልጆቹ ፔዮቴ የሚባለውን የበረሃ ቁልቋል ጠጥተው የሚሳከሩበት ነው። ስቲቭ ያቺን ዶሮ አያችኋት ወይ፣ ምን ታህል ነበር እያለ ሲጠይቅ ዛሬም አዳራሹ ሳቀ። ታሪኩን አንድ እርምጃ አያራምደውም፤ ቢቆረጥ ፊልሙ ምንም አይጎድልበትም። እኔ ግን አታውጡብኝ እላለሁ። በጣም ፈታ የሚያደርግ ነው።

እንግዲህ ጉድለቱን ለማየት ወደ እውነተኛው ሊንከን ካውንቲ መሄድ አለብን። ታሪኩ ከፊልሙ ይበልጣል፣ ስለዚህ ትንሽ ታገሡኝ።

ሊንከን ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ያለች፣ አንድ መንገድ ብቻ ያላት ትንሽ ከተማ ነበረች። ዛሬም አለች። በ1870ዎቹ ከተማዋን የያዘው አንድ ሱቅ ነው። የሎውረንስ መርፊ ሱቅ። ሰው ሁሉ «ቤቱ» ይለው ነበር። ገበሬው ዘሩን በዱቤ የሚወስደው ከዚያ ነው፣ እህሉን የሚሸጠውም እዚያው ነው፣ ዋጋውን የሚቆርጠውም ያው ሱቅ ነው። የወታደሩ ካምፕ ፎርት ስታንተን ሥጋና ዱቄት የሚገዛው ከእነሱ ነበር። የአገሩ ተወላጆች ለሆኑት ለመስካሌሮ አፓቼዎች መንግሥት የሚያከፋፍለው ቀለብም በእነሱ እጅ ያልፋል። ሸሪፉ የእነሱ ወዳጅ ነው። በዋና ከተማዋ ሳንታ ፌ ደግሞ ኃይለኛ ጠበቆችና ባለሥልጣናት ከኋላቸው አሉ። ዳኛው፣ ነጋዴውና ፖሊሱ በአንድ ኪስ ውስጥ ሲገቡ ማለት ይኸው ነው።

በ1876 መጨረሻ ላይ ጆን ተንስታል የሚባል እንግሊዛዊ መጣና በ1877 ከጠበቃው አሌክስ ማክስዊን ጋር ሆኖ እዚያው መንገድ ላይ ሌላ ሱቅ ከፈተ። ባንክም ጨመረበት። ጠቡ ከዚህ ነው የተነሳው።

ፊልሙ ላይ ተንስታልን የተጫወተው ቴሬንስ ስታምፕ ነው። ያኔ ወደ ሃምሳ ዓመቱ ነበር። ሽበት ያለው፣ ረጋ ያለ፣ አባት የሚመስል ሰው። ግሩም አድርጎ ተጫውቶታል፣ ምንም ቃል አይወጣኝም። እውነተኛው ተንስታል ግን ሲገደል 24 ዓመቱ ነበር።

ሃያ አራት! ከቢሊ በስድስት ዓመት ገደማ ነው የሚበልጠው። ዲክ ብሩወር እንኳ በእድሜ ከእሱ ይበልጥ ነበር፤ ዶክ ስከርሎክም ይበልጠው ነበር። አባት የሚባል ሰው እዚያ ቤት አልነበረም። አለቃውም ልጅ፣ ሠራተኛውም ልጅ። ለንደን ላሉት ቤተሰቦቹ ደብዳቤ ይጽፋል፤ በዚያ ካውንቲ ማንም ሰው ከሚያገኘው ከእያንዳንዱ ዶላር ግማሹ ወደ እኔ እንዲገባ አደርጋለሁ ብሎ ይመካል። ድሆችን ሊያድን የመጣ አይደለም፤ የመርፊን ቦታ ለመውሰድ ነው የመጣው። ጎበዝ፣ ሥራ ወዳድ፣ ለሠራተኞቹ ጥሩ የነበረ፣ ምን ያህል አደገኛ ሰዎች ጋር እንደገጠመ ያልገባው ወጣት ነው።

የፊልሙ ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ስለ ወጣቶች ነው የምሠራው አለ፣ ስሙንም በወጣትነት ሰየመ፣ ከዚያ የታሪኩን ዋና ወጣት ወስዶ ሽማግሌ አደረገው። ለምን? ልጆቹን ስለወደዳቸው። የምንወደው ልጅ ሲገድል ጥሩ ምክንያት እንዲኖረው እንፈልጋለን፤ የአባትን ደም ከመመለስ የበለጠ ምክንያት ደግሞ የለም። የእድሜ እኩያህ የሆነ ሀብት ፈላጊ አለቃህ ሲገደል መበቀል ግን ለማስረዳት ያስቸግራል። ስለዚህ አባት ተፈጠረላቸው። ያ ያማረው የእራት ገበታ፣ አሁን ያመሰገንኩት፣ የቆመው በዚህ ውሸት ላይ ነው። ይህን ሳውቅ ብዙ ቀን አብሰልስዬዋለሁ።

የተንስታል አሟሟትም ከፊልሙ የባሰ ነው። የካቲት 18 ቀን 1878 ፈረሶች እየነዱ ወደ ሊንከን ይሄዱ ነበር። መሽቷል። ሰዎቹ ኮረብታው ላይ ተርኪ የሚባለውን ትልቁን የዱር ወፍ አዩና ሊያድኑ ከመንገዱ ወጡ። ቢሊ ከኋላ ቀርቷል። ተንስታል ከፈረሶቹ ጋር ብቻውን ነበር ገዳዮቹ ሲደርሱበት። አስቡት፤ ወፍ ሲያባርሩ ነው አለቃቸው የሞተው። ፈረሱንም አብረው ገደሉት። ከዚያ በኋላ የመጣው ቁጣ ሁሉ ውስጡ ጸጸት ያለበት ይመስለኛል። ፊልሙ ይህቺን ወፍ ቢያስቀራት ኖሮ ስለ ወጣትነት አንድ ሙሉ ትዕይንት በነጻ ያገኝ ነበር።

ገዳዮቹ ደግሞ ዝም ብለው ሽፍቶች አልነበሩም፤ በእጃቸው ወረቀት ነበራቸው። ነገሩ የተጀመረው ከሕይወት ኢንሹራንስ ነው። የመርፊ ሸሪክ የነበረ ፍሪትዝ የሚባል ሰው ሞቶ 10,000 ዶላር ኢንሹራንስ ነበረው፤ ማክስዊን ገንዘቡን አስለቀቀ፤ እነመርፊ ይገባናል አሉ፤ ፍርድ ቤት የማክስዊን ንብረት ይያዝ ብሎ አዘዘ፤ ሸሪፉ ደግሞ ተንስታል የማክስዊን ሸሪክ ነው ብሎ የተንስታልን ከብት ሊይዝ ሰው ላከ። ይህ ሁሉ ደም ከኢንሹራንስ ጠብ ነው የፈሰሰው። ፊልሙ ይህን ዘለለው። አልፈርድበትም፣ ተመልካቹ ይተኛል።

ቀጥሎ የመጣውን ግን ጥሩ አድርጎ ይዞታል። የአካባቢው ዳኛ ለእነዚህ ልጆች የመያዣ ትእዛዝ ሰጣቸው። የተንስታልን ገዳዮች ይዘው እንዲያመጡ በሕግ ተሾሙ። ራሳቸውን ሬጉሌተርስ አሉ፣ ሥርዓት አስከባሪዎች እንደማለት። ጥቂት ሳምንት ሳይቆይ አገረ ገዢው ያ ዳኛ ሹመቱ ሕጋዊ አይደለም ብሎ አወጀ፣ ስለዚህ እሱ የሰጠው ወረቀትም ዋጋ የለውም ተባለ። ያን ቀን እነሱ የያዟቸውን ሁለት ሰዎችና ይሰልላል ብለው የጠረጠሩትን አንድ ጓደኛቸውን ገድለው እየተመለሱ ነበር። ጠዋት ሕግ አስከባሪ፣ ማታ ሽፍታ።

እዚህ ጋ እኛ ጥሩ ቃል አለን። እንግሊዝኛው ሕግ ያስወጣው ሰው ነው የሚለው። የእኛ «ሸፈተ» ግን ሰውየው ራሱ የሚያደርገው ነገር ነው። ፍርድ ሲጓደልበት ዱር ቤቴ ብሎ ይወጣል። ሽፍታ ስንል ዘራፊውንም እንላለን፣ የተበደለውንም እንላለን፤ ካሳ ኃይሉም ቴዎድሮስ ከመባሉ በፊት ሽፍታ ነበር። ቃሉ ሁለቱንም ስለሚይዝ የሊንከን ልጆች ታሪክ ለእኛ ጆሮ ማብራሪያ የሚፈልግ አይመስለኝም። ቪዲዮ ቤት ውስጥ አንድ ጋሼ ነበሩ፣ እንግሊዝኛ ብዙም አይሰሙም፣ ግን «ልጆቹ ተበድለው ነው የወጡት» ብለው በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሱልን።

ሆኖም ሽፍታ ሲያደርግ የማናወራለት ነገርም አለ፣ ፊልሙም እዚያ ላይ ይሸሻል። ሚያዝያ 1 ቀን 1878 ሸሪፍ ዊልያም ብሬዲ በሊንከን መንገድ ላይ በጠዋት እየሄደ ነበር። ልጆቹ ከተንስታል ሱቅ አጠገብ ካለው የጭቃ ጡብ ግንብ ጀርባ ተደብቀው ተኩሰው ገደሉት። ምክትሉም አብሮ ሞተ። ብሬዲ ብዙ ልጆች ያሉት አባት ነበር። የቤቱ ሰው ነበር፣ እውነት ነው። ግን ተደብቆ መግደል ነው። ፊልሙ ላይ ግድያው እንደ ድል ያልፋል፤ እኛም ቪዲዮ ቤት አጨብጭበናል። ዛሬ ሳየው ካሜራው ብሬዲ ላይ ትንሽ ቢቆይ እላለሁ። አንድ ሰከንድ።

ቻርሊ ሺን የሚሞትበት ትዕይንት ግን ትልቁን ነገር አልሳተም። እውነተኛው ብሩወር ከሦስት ቀን በኋላ፣ ሚያዝያ 4፣ ብሌዘርስ ሚል በሚባል ቦታ ነው የሞተው። ባክሾት ሮበርትስ የሚባል ሽማግሌ ሆዱ ላይ ተመትቶ እንኳ በር ላይ መሽጎ ሁሉንም ገተራቸው። ብሩወር ከእንጨት ክምር ጀርባ ቀና ሲል ሽማግሌው ከሩቅ ጭንቅላቱን መታው። ሮበርትስም በማግሥቱ ሞተ። ሁለቱን ጎን ለጎን ነው የቀበሯቸው። ፊልሙ ቦታውን ወደ ሽንት ቤት ቀየረው፣ ብራያን ኪዝ ደግሞ ያን ሽማግሌ እንዲያ አድርጎ ተጫወተው። አክተሩ እዚያ ጋ መሞቱ ፊልሙ ካደረጋቸው ደፋር ነገሮች አንዱ ነው። ልጆቹ ያለ አለቃ ሲቀሩ፣ የሚያቆማቸው ሰው ሲጠፋ፣ ቢሊ አለቃ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ፊልሙ ሳቁን ሳያጣ ያስፈራል።

ስለ ቻቬዝ የምለው አለኝ። ሉ ዳይመንድ ፊሊፕስ ውብ ነው፣ ቢላዋ ሲወረውር ማንም ዓይኑን አይነቅልም። ግን ፊልሙ ቻቬዝን ናቫሆ አድርጎ፣ መንፈሳዊ ነገር ጭኖበት፣ ከሌሎቹ ነጥሎ አስቀመጠው። እውነተኛው ሆሴ ቻቬዝ ኢ ቻቬዝ የዚያው አገር ስፓኒሽ ተናጋሪ ሰው ነው፤ እስከ 1920ዎቹ ኖሯል። የሊንከን ሕዝብ አብዛኛው እንደሱ ስፓኒሽ ተናጋሪ ነበር። ቢሊ ስፓኒሽ አቀላጥፎ ይናገር ነበር፤ ከሞት ሲሸሽ ያበሉትና የደበቁት እነሱ ናቸው። ፊልሙ ላይ እነዚህ ሰዎች ከጀርባ የሚያልፉ ብቻ ሆኑ። በዱቤ የተጨቆነው ገበሬ እነሱ ናቸው እኮ! ጦርነቱ የእነሱን ኪስ ማን ይያዘው የሚል ነበር።

የዶክ ፍቅር ደግሞ ደካማው ክፍል ነው። የመርፊ ቤት ውስጥ የታሰረች የን ሰን የምትባል ቻይናዊት ተፈጥራለታለች፤ ምንም አትናገርም ማለት ይቻላል። እውነተኛው ስከርሎክ በ1876 አንቶኒያ ኤሬራ የምትባል የአካባቢውን ልጅ አግብቶ አሥር ልጆች ወልዷል። ጦርነቱ ሲያልቅ ሽጉጡን ትቶ ቴክሳስ ገባና በ1929 አርጅቶ ሞተ። ሚስት ያለው ሰው ሌሊት ሌሊት ከእነዚህ ልጆች ጋር ሲጋልብ፣ ያ አይሻልም ነበር?

ወደ መጨረሻው ልሂድ። የማክስዊን ቤት ከበባ። እውነተኛው አምስት ቀን ፈጅቷል፣ ከሐምሌ 15 እስከ 19። በአምስተኛው ቀን ኮሎኔል ዳድሊ ወታደሮቹን፣ መድፍና ጋትሊንግ መትረየስ ይዞ ከተማ ገባ። አልተኩስም አለ። ግን መድፉን የት እንዳዞረ ያየ ሁሉ ገባው፤ ከማክስዊን ጋር የነበሩት ብዙዎቹ ጥለው ሄዱ። ከዚያ ቤቱ ተቃጠለ። የጭቃ ጡብ ቤት ቶሎ አይነድም፤ እሳቱ ከክፍል ክፍል ቀስ እያለ ሲመጣ ሰዎቹም ከክፍል ክፍል እየሸሹ ቀኑን ሙሉ ጠበቁ። ሲጨልም የቀራቸው ክፍል አንድ ነበር፤ ቢሊና ጥቂቶቹ በእሳቱ ብርሃን ውስጥ ሮጠው አመለጡ፤ ማክስዊን ጓሮው ውስጥ ተገደለ።

ፊልሙ ላይ ደግሞ ቢሊ ሳጥን ውስጥ ገብቶ ከፎቅ ተወርውሮ፣ ከሳጥኑ እየተኮሰ ሲወጣ አየን። አጨበጨባችሁ፣ እኔም አጨበጨብኩ። ደስ ይላል። ግን ያ ቀስ ብሎ የሚመጣ እሳት፣ ያ ለአንድ ቀን ሙሉ የሚጠብቅ ፍርሃት፣ እሱ ቀረብን። በመጨረሻ ቢሊ መርፊን በአንድ ጥይት ግንባሩን ይመታዋል። እውነተኛው መርፊ በዚያ ሰዓት ታሞ ሳንታ ፌ ነበር። ጦርነቱን ያካሄደው ወጣቱ ሸሪኩ ጄምስ ዶላን ነው፣ እሱም ያኔ ገና 30 ዓመት የሞላው ነበር። መርፊ በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ አልጋው ላይ ሞተ። ዶላን ግን ማንም አልነካውም፤ የኋላ ኋላ የተንስታልን ሱቅ ራሱ ያዘው። ሱቁን! ፊልሙ ይህን ሊነግረን አልደፈረም። ልጆቹ ተሸንፈዋል። ሰው ሁሉ ሞቶላቸው፣ ሰው ሁሉ ገድለው፣ ቤቱ ግን አሸነፈ።

ጃክ ፓላንስ መርፊን ሲጫወት ደስ የሚል ክፉ ሰው ነው፤ ስለዚህ እንዲሞት እንፈልጋለን፣ ፊልሙም ፍላጎታችንን ሞላልን። ወጥተን ስንሄድ ቀለለን። እውነተኛው ታሪክ ግን አይቀልም።

ስለ ሱዛን ማክስዊን አንድ ነገር ብዬ ልለፍ። ባሏ ከሞተ በኋላ እጇን አልሰጠችም። ቻፕማን የሚባል ጠበቃ ቀጠረች፤ እሱንም መንገድ ላይ ገደሉት፣ የካቲት 18 ቀን 1879፣ ተንስታል በሞተ ልክ በዓመቱ። እሷ ግን ኖረች፣ ከብት አረባች፣ የኒው ሜክሲኮ የከብት ንግሥት ተባለች፣ በ1931 ሞተች። ይህ ራሱን የቻለ ፊልም ነው።

ፊልሙ ካለቀ በኋላ የቀረልንም ነገር አለ። በ1994 የወጣውን የዋረን ጂንና የኔት ዶግን ሬጉሌት የሰማችሁ ብዙ ናችሁ። ዘፈኑ ሲጀምር የሚሰማው ንግግር፣ ሬጉሌተሮች ፈረስ ላይ ውጡ የሚለው፣ ከዚህ ፊልም የተወሰደ ነው። እኔም ራሴ ዘፈኑን ሰምቼ ነው ፊልሙን ደግሜ የፈለግሁት።

ከአዳራሹ አንዲት እህት ጠየቀችኝ፤ «እንዲህ ውሸት ከሆነ ለምን ታሳየናለህ?» አለችኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሴ እንዲህ ነበር። ይህን ፊልም ባላይ ኖሮ ሊንከን የምትባል ከተማ መኖሯን አላውቅም ነበር። የተንስታልን እድሜ አልፈልግም ነበር። ልጆቹን ወደድኳቸው፣ ስለወደድኳቸው እውነታቸውን ፈለግሁ። ፊልሙ ሲያደርጋቸው ያማሩ ናቸው፤ እውነታቸውን ሳውቅ ደግሞ አሳዘኑኝ። ሁለቱንም ይዤ ነው ዛሬ የመጣሁት።

አንድ ነገር ቀረኝ። ፊልሙ ሲያልቅ ስለ ቢሊ መቃብር ይነግረናል፣ ፎርት ሰምነር ውስጥ ከቻርሊ ባውድሪ ጎን እንደተቀበረ። ቻርሊ ሊንከን ላይ ሲሞት አየነው። እውነተኛው ባውድሪ ግን ከከበባው አምልጦ ሁለት ዓመት ከግማሽ ያህል ከቢሊ ጋር ኖሯል፤ በ1880 ታኅሣሥ ላይ ነው የሕግ አስከባሪው የፓት ጋሬት ሰዎች የገደሉት። ቢሊን ጋሬት ሐምሌ 14 ቀን 1881 ሌሊት፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ ገደለው። 21 ዓመቱ ነበር ይባላል። መቃብሩ ዛሬም አለ፣ ድንጋዩን ስለሚሰርቁት በብረት አጥረውታል። ድንጋዩ ላይ ከላይ አንድ ቃል ተጽፏል፣ ጓደኛሞች የሚል። ከሥሩ ያለው ግን ሁለት ስም አይደለም፣ ሦስት ነው። ሦስተኛው ቶም ኦፎሊያርድ ነው። እሱም በዚያች በሚነደው ቤት ውስጥ ነበር፣ ከቢሊ ጋር ሮጦ የወጣ ልጅ ነው፣ እስኪሞት ድረስም ከእሱ አልተለየም። በያንግ ገንስ ገበታ ላይ ወንበር አልተሰጠውም።